አንዲትን ሴል ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ማስላት ለምን አቃተን? (ከነመልሶቹ)

ጥያቄውን ያነሳው ሰው ፕሮግራመር ነው። ባዮሎጂ የተማረው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ብቻ እንደሆነ አስቀድሞ ተናግሯል። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። የብዙ ባክቴሪያዎች ዲኤንኤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተነቧል። የፕሮቲኖች ቅርጽ በኮምፒውተር ይተነበያል። የማሽኖች ጉልበት በየዓመቱ ይጨምራል። ታዲያ አንዲት ባክቴሪያ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስገብቶ ማስጀመር፣ ከዚያም ስትበላ፣ ስታድግና ስትከፈል ቁጭ ብሎ ማየት ለምን አልተቻለም? የጎደለው የማስላት አቅም ነው ወይስ ሌላ ነገር? መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጓል፤ ክሩን (የመልሶቹን ሰንሰለት) ያጋጋለውም እሱ ነው። በእሱ ግምት ባዮሎጂስቶች ሒሳብ ስለማይወዱ ነው እንጂ ነገሩ እስካሁን ባለቀለት ነበር።

ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። እዚህ የማቀርበው በራሴ አባባል ነው፣ የመሰለኝንም እግረ መንገዴን እላለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መላሽ በትሕትና ነው የጀመረው። ጠያቂውን አንቱ እያለ፣ ስለ ሒሳብ ጥላቻ የተባለውን እንዳላየ አልፎ፣ በቀጥታ ወደ ቁጥር ገባ። የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ይዘት አንድ ኪዩቢክ ማይክሮሜትር ገደማ ነው። እዚያች ውስጥ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ፕሮቲኖች ታጭቀዋል። አተሞቹ በአሥር ቢሊዮኖች ይቆጠራሉ። እያንዳንዱን አተም ተከትሎ ማስላት የሚፈልግ ሰው በአንድ እርምጃ መራመድ የሚችለው አንድ ወይም ሁለት ፌምቶሰከንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ከዘለለ ስሌቱ ይፈርስበታል። ጥሩ ምግብ ያገኘች ኢ. ኮላይ ደግሞ በ20 ደቂቃ ትከፈላለች። 20 ደቂቃ 1200 ሰከንድ ነው፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ያሉት ፌምቶሰከንዶች ደግሞ 1 ተጽፎ 15 ዜሮ ይከተለዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ስትከፈል ለማየት 1 ተጽፎ 18 ዜሮ የሚከተለው ያህል እርምጃ ያስፈልጋል፣ በየእርምጃው ደግሞ ያን ሁሉ አተም። በዚህ መንገድ የሚደርስ ማሽን የለም ብሎ ጨረሰ።

2ኛው መላሽ ቁጥሩን አልተቃወመም። ግን ይህ ማንም የማይሄድበት መንገድ ነው አለ። አንድ ሴል ለመረዳት የእያንዳንዱን አተም አድራሻ ማወቅ አያስፈልግም። በ2012 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ማይኮፕላዝማ ጀኒታሊየም የምትባል ባለ 525 ጂን ባክቴሪያን ሙሉ የሕይወት ዑደት በኮምፒውተር አስኪደዋል። መረጃውን ከ900 በላይ የጥናት ጽሑፎች ለቅመው ነው ያሰባሰቡት። የሴሏን ሥራ በ28 ክፍሎች ከፋፈሉት፤ ዲኤንኤ መቅዳት አንድ፣ ፕሮቲን መሥራት አንድ፣ ሜታቦሊዝም (ምግብን ወደ ጉልበትና ወደ አካል መለወጥ) አንድ፣ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ክፍል ለእሱ በሚስማማው የሒሳብ ዘዴ ይሰላል። 28ቱ ለአንድ ሰከንድ ያህል ለየብቻቸው ይሠራሉ። ሰከንዷ ስታልቅ ውጤታቸውን ወደ አንድ ቋት ያስገባሉ፤ ይህን ያህል ኤቲፒ (የሴሏን ጉልበት የሚሸከም ሞለኪውል) ቀረ፣ ይህን ያህል ፕሮቲን ተሠራ፣ ዲኤንኤው እዚህ ድረስ ተቀዳ። ከዚያ ሁሉም አዲሱን ቁጥር ከቋቱ አንስተው ቀጣዩን ሰከንድ ይጀምራሉ።

እዚህ ላይ 2ኛው መላሽ ያልጠቀሰውን ልጨምር፣ ሞዴሉ ላይ ደስ የሚለኝ እሱ ስለሆነ። ሲሙሌሽኑ ሲሮጥ አንዳንዷ ሴል ዲኤንኤዋን መቅዳት ቶሎ ትጀምራለች፣ አንዳንዷ ትዘገያለች። የሕይወት ዑደቱ ርዝመትም በዚያው ልክ ይለያያል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው። አልሆነም። የዘገየችው ሴል በዚያ ጊዜ ውስጥ የዲኤንኤ ጡቦችን ስታከማች ትቆያለች፤ ሥራው ሲጀመር ጡቡ ስለማያልቅባት በፍጥነት ትጨርሳለች። ቶሎ የጀመረችው ደግሞ ክምችቷ አልቆባት ትንቀራፈፋለች። ይህን ደንብ ማንም ኮዱ ውስጥ አልጻፈውም። ክፍሎቹ አንድ ላይ ሲገናኙ ነው የወጣው። ሙሉ ሴል መሥራት ለምን አስፈለገ ለሚል ሰው የምሰጠው መልስ ይሄ ነው።

3ኛው ላይ አንቱታው አበቃ። ጸሐፊዋ ላብ (ላቦራቶሪ) ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት፤ ጠያቂውንም 2ኛውንም አንተ እያለች ነው የወረደችባቸው። በመጀመሪያ፣ ያ የተሞገሰው ሞዴል ብዙ ቁጥሮቹን የተበደረው ከሌሎች ባክቴሪያዎች ነው። ለማይኮፕላዝማ ያልተለካ ነገር ሲገጥማቸው የኢ. ኮላይን ወሰዱ። ሁለተኛ፣ የኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ፍጥነት የሚለካው ኢንዛይሙ ብቻውን፣ በቀጠነ ውኃ፣ በቱቦ ውስጥ ሆኖ ነው። ሴል ውስጥ ግን ከይዘቱ ከ20 እስከ 30 በመቶው በትልልቅ ሞለኪውሎች የተያዘ ነው፣ መፈናፈኛ የለም። ሦስተኛ፣ እና ዋናው፣ በ2016 የክሬግ ቬንተር ተቋም ሰዎች የማያስፈልገውን ጂን ሁሉ ቆርጠው በ473 ጂን ብቻ የምትኖር ባክቴሪያ ሠሩ። ከ473ቱ የ149ኙ ሥራ በወቅቱ አይታወቅም ነበር። ሰው እስከ አጥንቷ በገፈፋት ሴል ውስጥ ሲሶው ጂን ምን እንደሚሠራ ካልታወቀ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል? ባዮሎጂስት ሒሳብ ስለጠላ ሳይሆን ያልታወቀ ነገር ስለማይሰላ ነው ብላ ለጠያቂው የሚገባውን ሰጠችው።

አነጋገሯ ይቆጠቁጣል። ቢሆንም እስከዚህ ድረስ ከተባለው ሁሉ ጠንካራው የእሷ ነጥብ ነው።

4ኛው መላሽ ጸቡን ትቶ ወደ 1952 መለሰን። በዚያ ዓመት አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ የነርቭ ሴል መልእክት እንዴት እንደሚያልፍ የሚያሳዩ እኩልታዎችን አሳተሙ። የለኩት የስኩዊድን ነርቭ ነው፤ ወደ ግማሽ ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚወፍር ውስጡ ሽቦ ማስገባት ይቻላል። የካምብሪጅ ኮምፒውተር በወቅቱ እድሳት ላይ ስለነበር ሃክስሊ ስሌቱን በእጅ በሚዞር የሒሳብ ማሽን፣ ሳምንታት ፈጅቶ፣ ቁጥር በቁጥር ሠራው። የፖታሲየሙ ፍሰት ከልኬቱ ጋር የገጠመላቸው አራት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ብቻ በር ይከፈታል ብለው ሲያሰሉ ነው። በሩን ያየ ሰው ግን አልነበረም። በ1998 ሮደሪክ ማኪነን የፖታሲየም ቻናልን (ፖታሲየም የሚያልፍበትን በር) ቅርጽ በኤክስሬይ ሲያሳይ ቻናሉ አራት ተመሳሳይ ክፍሎች ያሉት ሆኖ ተገኘ። 4ኛው መላሽ ከዚህ ተነስቶ የማስላት አቅም ጉዳዩ አይደለም ይላል። ጥያቄውን በቁጥር ማስቀመጥና ከልኬት ጋር ማጋጨት ነው ጉዳዩ፣ ለእሱም እጅ የሚያዞረው ማሽን በቅቷል።

5ኛው አረመው። ልክ ነው፣ ለፖታሲየም አራት ወጥቷል። ለሶዲየም ግን እኩልታቸው ሦስት አንድ ዓይነት በርና አንድ የተለየ በር ነው ያለው። የሶዲየም ቻናል ደግሞ ተመሳሳይ የሆኑ አራት ክፍሎች አሉት፤ ግጥምጥሞሹ እንደ ፖታሲየሙ የሚያምር አይደለም። ራሳቸው ሆጅኪንና ሃክስሊም እኩልታው ከልኬቱ ጋር መግጠሙ ስለ ውስጡ አሠራር ማረጋገጫ እንዳልሆነ ጽፈው ነበር። የገጠመውን መርጦ ማጨብጨብ ደግ አይደለም የሚል ነው የ5ኛው መላሽ ቅሬታ። 4ኛው አመስግኖ ተቀብሎታል፣ በዚህ ክር ውስጥ ያለ ክርክር የተዘጋ ብቸኛው ነገር ይሄ ነው።

6ኛዋ ተማሪ ናት። 3ኛዋ ያለችው ልክ ከሆነ፣ ማለትም የኢንዛይሞቹ ፍጥነት በትክክል ካልተለካ፣ የሜታቦሊዝም ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች በምን ይሠራሉ ብላ ጠየቀች። አጭር ጥያቄ ናት፤ ረጅሙን መልስ ያመጣችውም እሷ ነች።

7ኛው መላሽ እንዲህ አስረዳት። ፍጥነቱን ባታውቂም ሒሳቡ መግጠም እንዳለበት ታውቂያለሽ። እንደ ቤት ወጪ መዝገብ ነው፤ የገባው ከወጣውና ከቀረው ጋር እኩል መሆን አለበት። አንድ ግሉኮስ ከገባ ስድስቱ የካርቦን አተሞቹ የሆነ ቦታ መገኘት አለባቸው፤ ወይ በተፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ፣ ወይ በተሠራው ፕሮቲን ውስጥ፣ ወይ በተጣለው አሴቴት ውስጥ። ይህን ለእያንዳንዱ ሞለኪውል ትጽፊያለሽ፣ የሚገባውን የኦክስጅንና የስኳር መጠን ትወስኛለሽ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ከሚፈቀዱት መንገዶች ሁሉ ሴሏን በጣም የሚያሳድጋት የቱ ነው ትይዋለሽ። ፍጥነት የሚባል ቁጥር የለበትም ማለት ይቻላል። በ2017 የወጣው የኢ. ኮላይ ሞዴል በዚህ ዘዴ 1515 ጂኖችን ይዟል፤ ባክቴሪያዋ በጠቅላላው ያሏት ወደ 4300 ገደማ ናቸው።

ቀጥሎ የጻፈውን በ2002 ሲታተም ያነበበ ሁሉ የሚያስታውሰው ይመስለኛል። የበርንሃርድ ፖልሰን ቡድን ኢ. ኮላይን ግሊሰሮል ብቻ መግቦ እድገቷን ለካ። ሞዴሉ ካለው በጣም ያነሰ ሆነ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሞዴሉን ይጥላል ወይም ቁጥር ይነካካል። እነሱ ሞዴሉን ሳይነኩ ባክቴሪያዎቹን እዚያው ግሊሰሮል ውስጥ ማሳደጉን ቀጠሉ። በየቀኑ ጥቂት ቀድተው ወደ አዲስ ምግብ ያዛውራሉ፣ በማግስቱ እንደገና። 40 ቀን፣ ወደ 700 ትውልድ ገደማ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የእድገቱ ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ ሞዴሉ አስቀድሞ ያለው መስመር ላይ ደርሶም እዚያው ቆመ። መስመሩ የተሰመረው ባክቴሪያዎቹ እዚያ ከመድረሳቸው በፊት ነው። እኔ ከአንድ ሞዴል የምፈልገው ይህን ነው። ከተለካ በኋላ መግጠም ብዙ ቁጥር ለሚነካካ ሰው ሁሉ ይቻላል፤ አስቀድሞ አንገቱን የሚያስይዝ ግን ጥቂት ነው።

8ኛው መላሽ አልተዋጠለትም። ሴል ማደግ ብቻ ነው የምትፈልገው ያለው ማነው? ያ ባክቴሪያ መጀመሪያ ላይ ከሞዴሉ ያነሰችው እኮ ሌላ ዓላማ ስለነበራት ሊሆን ይችላል፤ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ፣ ሙቀት መቋቋም፣ ምግብ ሲለወጥ ቶሎ መዞር። 40 ቀን አንድ ነገር ብቻ ከመገቧት በእርግጥ ወደ እድገት ብቻ ታዘነብላለች። የጉበት ሴልስ? የነርቭ ሴልስ? እነሱ በየደቂቃው መብዛት ቢፈልጉ ስሙ ካንሰር ነው። ደግሞም ይህ ዘዴ የትኛው ጂን መቼ እንደሚበራና እንደሚጠፋ አያውቅም። 7ኛው በ9ኛው መልስ ተመልሶ ይህን አምኗል። የሴሏ ዓላማ የሞዴሉ ግምት ነው፣ ከሴል ሴል መቀየርና በልኬት መረጋገጥ አለበት። ለባክቴሪያ የሠራው ለሰው ሴል እንዳለ አይገለበጥም።

ከ10 እስከ 12 ያሉት መስመር ስተዋል። አንዱ ስለ ዳታ ጥራት ሲያወራ ኤክሴልን አነሳ፣ ከዚያ ማን ያስቁመው። ማርች1 እና ሴፕት2 የሚባሉ የሰው ጂኖች ነበሩ። ኤክሴል ውስጥ ሲገቡ ፕሮግራሙ ቀን መስለውት ወደ መጋቢትና መስከረም ቀኖች ይቀይራቸዋል። በ2016 የወጣ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ የጥናት ጽሑፎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ እንዲህ ዓይነት ስህተት እንዳለበት አሳየ። በ2020 የጂን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ የጂኖቹን ስም መቀየርን መረጠ። 11ኛው የራሱን ብሶት ጨመረ፤ ከአንድ ላብ የተላከለት ሰንጠረዥ ውስጥ ጂኖቹ ቀን ሆነው፣ ማንም ሳያይ እስከ መጨረሻው ትንተና ድረስ ሄደው ነበር። 12ኛው ተናደደ፣ የሴል ሞዴል ጥያቄ ላይ ስለ ኤክሴል ማውራት ይቅር አለ። እኔ ግን 12ኛውን አልደግፍም። ሞዴል የሚበላው ዳታ ነው። ዳታው ሰንጠረዥ ውስጥ ከተበላሸ ከዚያ በኋላ ያለው ጥበብ ሁሉ ከንቱ ነው።

13ኛው ክሩን ወደ ቦታው መለሰው፣ አዲስ ነገርም ይዞ መጣ። እስካሁን ሁላችሁም አማካይ እያወራችሁ ነው አለ። የላክቶስ ጂኖችን የሚዘጋው ፕሮቲን በአንዲት ኢ. ኮላይ ውስጥ አሥር ገደማ ነው ያለው። አሥር ሺህ አይደለም፣ አሥር። ሴሏ ስትከፈል አንዷ ልጅ ስድስት፣ ሌላዋ አራት ሊደርሳት ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ ለስላሳ እኩልታ አይሠራም፤ እያንዳንዱ ኬሚካላዊ ክስተት በዕድል የሚሆን ተደርጎ መሰላት አለበት፣ ለዚህም ዳንኤል ጊሌስፒ በ1970ዎቹ ዘዴውን አበጅቷል። በ2002 ማይክል ኢሎዊትዝና ባልደረቦቹ ይህን በዓይን አሳዩ። አንድ ሴል ውስጥ ሁለት የሚያበሩ ፕሮቲኖችን በአንድ ዓይነት ማብሪያ ሥር አስገቡ። ዕድል ባይኖር ሁለቱ ቀለሞች በእያንዳንዷ ሴል ውስጥ አብረው ከፍ ዝቅ ይሉ ነበር። ማይክሮስኮፑ ሥር ግን አንዷ ወደ አንዱ ቀለም፣ ጎረቤቷ ወደ ሌላው ያደላሉ። አንድ ዓይነት ጂን፣ አንድ ዓይነት ምግብ፣ የተለያየ ሴል።

እዚያው መልስ ውስጥ ከዚያ በፊት በ2000 ስለተሠራው ባለ ሦስት ጂን ሰዓትም ተናግሯል። ኢሎዊትዝና ስታኒስላስ ሌብለር አንደኛው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን፣ ሦስተኛው መልሶ አንደኛውን የሚዘጋ ቀለበት ሠሩ። ላብ ከመግባታቸው በፊት አስልተውታል። ስሌቱ ፕሮቲኖቹ ቶሎ ካልፈረሱ ሰዓቱ አይመታም አላቸው። ስለዚህ ፕሮቲኖቹ ላይ ሴሏ ቶሎ እንድታፈርሳቸው የሚያደርግ ጭራ ቀጠሉባቸው። ሠራ፤ ሴሎቹ በ150 ደቂቃ ገደማ ዙር ያበሩና ይደበዝዙ ጀመር። ዙሩ ሴሏ ከምትከፈልበት ጊዜ ይረዝማል፣ ልጅ ከእናቷ ሰዓቱን ትወርሳለች። እህትማማቾቹ ግን ቀስ በቀስ እርስ በርስ ይለያያሉ፤ ዕድል የሚባለው እዚህም ገባ።

14ኛው በጣም የተደሰተ ሰው ነው። እኩልታ መጻፉን እንተወው ይላል። አልፋፎልድ የሚባለው ኤአይ የፕሮቲን ቅርጽን ጉዳይ ገለበጠው፣ በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ ቅርጾች ለሕዝብ ተለቀቁ፣ በ2024 ደሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር ከዴቪድ ቤከር ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ወሰዱ። ለሴልም እንዲሁ እናድርግ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴሎች ውስጥ የትኛው ጂን ምን ያህል እንደሚሠራ ተለክቷል። ይህን ሁሉ ለአንድ ትልቅ ኤአይ እንመግብና ይህን ጂን ባጠፋው ምን ይሆናል ብለን እንጠይቀው።

15ኛው ጨርሶ አልታገሠውም። ወሬ በዝቷል፣ ንጽጽሩን አላነበብክም አለው። በ2025 ኔቸር ሜተድስ በሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ ጂን ሲነካ የሚመጣውን ለውጥ እንዲተነብዩ የተሠሩ ትልልቅ ኤአይ ሞዴሎችን እጅግ ቀላል ከሆነ የመስመር ስሌት ጋር አወዳድሯል። ትልልቆቹ ቀላሉን መብለጥ አልቻሉም። ቅርጽና ባሕርይ አንድ አይደሉም፤ ለፕሮቲን ቅርጽ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተለፋበት፣ በአንድ ደረጃ የተመዘገበ መልስ ነበረ፣ ለሴል ባሕርይ እንዲህ ያለ ክምችት የለም። ከዚያ በኋላ የጻፈው ስድብ ነው፣ አልደግመውም።

16ኛዋ ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከረች። 15ኛው በፍሬ ነገሩ ልክ ነው፤ ግን ዛሬ አልበለጠም ማለት ነገም አይበልጥም ማለት አይደለም። አልፋፎልድም ራሱ ለእኩልታ ሰዎች ጠቅሟል፤ ሁለት ፕሮቲኖች ይገናኙ ይሆን ብሎ ለመገመት ድሮ ወራት ይፈጅ የነበረው አሁን ማለዳ ተጀምሮ ማታ ያልቃል። 14ኛውን ደግሞ አንድ ነገር ጠየቀችው። ኤአይው ልክ ቢመልስ እንኳ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ካልነገረን ሴሏን ተረድተናል እንላለን? 14ኛው እስካሁን አልመለሰም። ቢመልስ ደስ ይለኛል፣ ጥያቄው የምር ነው።

17ኛው መላሽ የእኩልታ ሰዎችም እንዳይኩራሩ አደረገ። በ2021 የወጣ ሥራ የታተሙ 455 የባዮሎጂ ሞዴሎችን ወስዶ፣ ጽሑፉ ላይ ባለው መሠረት መልሶ ለማስኬድ ሞክሯል። ግማሽ ያህሉ እንዳሉ አልሠሩም። ራሱ የገጠመውንም ተናገረ። የአንድ ቡድን ሞዴል ወስዶ ሲያስኬደው ሴሏ በሰከንዶች ውስጥ ስኳሯን ጨርሳ ትሞትበታለች። ቀናት ከፈጀ በኋላ አንዱ ፍጥነት በደቂቃ፣ የተቀሩት በሰከንድ እንደተጻፉ ደረሰበት። ሰንጠረዡ ላይ አሃድ የሚባል ነገር አልተጻፈም ነበር። ኮዱን ያላያያዘ ሞዴል ማተም ክልክል ይሁን ባይ ነው። እኔም ነኝ።

18 ላይ ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ስለ ሒሳብ ጥላቻ የጻፈውን ጥያቄው ላይ ሰርዞታል። አሁን ጥያቄው ተቀይሯል። ሙሉ ሴል ይቅር፤ ሞዴል አስቀድሞ ተናግሮ፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ ኋላ ላብ ውስጥ የተገኘ ነገር ካለ ንገሩኝ አለ።

19ኛው የእንቁራሪት እንቁላልን አመጣ፤ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው። ሴል ወደ መከፈል እንድትገባ የሚገፋት ሳይክሊን የሚባል ፕሮቲን ነው። ቀስ እያለ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ሴሏ በድንገት ትገባለች። በ1993 ቤላ ኖቫክና ጆን ታይሰን የዚህን ሂደት እኩልታ ጽፈው አንድ እንግዳ ነገር አገኙ። ለመግባት የሚያስፈልገው ሳይክሊን፣ ከገቡ በኋላ እዚያው ለመቆየት ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ማለትም በሁለቱ መካከል ያለ አንድ መጠን ላይ ሴሏ ከታች ከመጣች ውጭ ናት፣ ከላይ ከመጣች ውስጥ ናት። ያው ሳይክሊን፣ ሁለት ዓይነት ሁኔታ፤ የሚወስነው የመጣችበት መንገድ ነው። ይህን ለመፈተን አሥር ዓመት ፈጀ። በ2003 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ከእንቁራሪት እንቁላል በተጨመቀ ፈሳሽ ውስጥ የሳይክሊኑን መጠን ከፍና ዝቅ እያደረጉ ለኩ፣ ሁለቱ ደፎች ተለያይተው ተገኙ። ጥቅሙም ግልጽ ነው። ደፉ አንድ ብቻ ቢሆን ሳይክሊን ትንሽ ወዛወዝ ባለ ቁጥር ሴሏ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ክሮሞሶሞቿ መሃል መንገድ ላይ ይቀራሉ።

20ኛዋ ያቺው የላብ ሴት ናት፣ የ3ኛዋ። የተመረጡ ድሎችን እየቆጠራችሁ ነው አለች። እስኪ ሞዴል ተሳስቶ የጠቀመበትን አሳዩኝ። ያኔ አምናለሁ።

21ኛው አሳያት። በ2013 የእነዚያው የስታንፎርድ ሰዎች ተከታይ ሥራ ወጣ። የማይኮፕላዝማን ጂኖች አንድ በአንድ በሞዴሉም በእውነተኛዋም ላይ እያጠፉ እድገቷን አወዳደሩ። ሞዴሉ የተሳሳተባቸውን ጂኖች ለይተው ስህተቱ ከየትኛው ኢንዛይም ፍጥነት እንደመጣ በስሌት አፈላለጉ። ከሌላ ባክቴሪያ የተበደሩት ቁጥር ይህን ያህል ሳይሆን ያንን ያህል መሆን አለበት የሚል ትንበያ ወጣ። ከዚያ ኢንዛይሙን አውጥተው ለኩት፣ ትንበያው አካባቢ ሆነ። የ3ኛዋ ቅሬታ የተበደሩ ቁጥሮች ነበር። ሞዴሉ ከብድሮቹ የትኛው እንደሚያፈስ ራሱ ጠቆመ።

22ኛው የእሷ ነው። ሥራውን አንብባ ተመልሳለች። ልኬቱ በአግባቡ የተሠራ ነው ብላለች፣ ይህን ከእሷ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሥራቸው ያልታወቀው 149 ጂኖች ግን እንዳሉ ናቸው፣ ሞዴል የሌለበትን ኢንዛይም አይጠቁምም ብላ ያዘች። በኋላ ብዙዎቹ ላይ ፍንጭ ተገኝቷል፤ ቢሆንም እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ።

23ኛው ስለ ሰው ሴል ጠየቀ። 24ኛው የትኛውን ሲል መለሰለት። ፕሮቲን የሚሠሩት ጂኖቻችን 20 ሺህ ገደማ ናቸው፣ ጉበትና ነርቭ ያንኑ ዲኤንኤ ይዘው ፈጽሞ የተለያየ ኑሮ ይኖራሉ። መጀመር የሚፈልግ ሰው ከቀይ የደም ሴል ይጀምር አለ። ኒውክለስ የላትም። ዲኤንኤ የላትም። አዲስ ፕሮቲን አትሠራም። ግሉኮስ ታስገባለች፣ ላክቴት ታስወጣለች፣ በመሃል በምታገኘው ኤቲፒ ቅርጿንና የጨው ሚዛኗን ትጠብቃለች። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እኩልታ ተጽፎላታል፣ አንድ ፕሮግራመር በላፕቶፑ ሊያስኬዳት ይችላል።

ጠያቂው ይህን ወደደው። የኢንዛይሞቹን ፍጥነት ከየት ልውሰድ ብሎ ጠየቀ። የመለሰችለት የላብዋ ሴት ናት፣ በ26ኛው። ከመጻሕፍት ሰንጠረዥ ስትወስድ መጀመሪያ ሙቀቱን እይ፣ ብዙዎቹ የተለኩት በ25 ዲግሪ ነው፣ ሴሏ ግን 37 ላይ ናት። ቀጥሎ ፒኤችን (የአሲድነቱን ልክ) እይ፣ ውስጧ 7.2 ገደማ ነው። ሁለቱ ያልተጻፉበትን ቁጥር አትጠቀም። ግራ የገባህን ቁጥር እዚህ ለጥፈው፣ እንዴት እንደተለካ አብረን እናየዋለን አለችው።